ራሱን የሚነዳ ጀልባ ጣና ላይ ሲሞከር፦ ስለ ደኅንነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ እምቦጭን ለመቃኘት፣ የውኃ ናሙና ለመቅዳት ወይም የሐይቁን ጥልቀት ለመለካት ሰው የማይሳፈርበትና ራሱን የሚነዳ ትንሽ ጀልባ ባሕር ዳር ላይ ለሚሠሩ ቡድኖች የተዘጋጀ ነው። የምናወራው ከ30 እስከ 60 ኪሎ ስለሚመዝን፣ በ12 ወይም በ24 ቮልት ባትሪ ስለሚሄድና ገና በሙከራ ደረጃ ስላለ ጀልባ ነው። የየብስ ሮቦት የሚሠሩም አብዛኛውን ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ያለን አንድ የሙከራ ጀልባ ብቻ ነው፤ ገና አልተጠናቀቀም። የደኅንነቱን ነገር ሲያልቅ ብናስብበት አይሻልም?

አይሻልም። ሮቦት በዕድሜው ሁሉ እጅግ አደገኛ የሚሆነው ገና በሙከራ ላይ እያለ ነው። ኮዱ በየቀኑ ይቀየራል፣ ሽቦው ገና በቅጡ አልታሰረም፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ የሠራው ሰው ራሱ በእርግጠኝነት አያውቅም። በዚያ ላይ ሁሉም ሰው አጠገቡ ቆሞ ይነካካዋል። ያለቀለት ምርት ለዓመታት የተፈተነ ሶፍትዌር ይኖረዋል፤ የእናንተው ትናንት ማታ የተጻፈ ነው።

ስለዚህ በዚህ ደረጃ ደኅንነቱ የሚቆመው የሶፍትዌሩን ፈቃድ በማይጠይቁ ነገሮች ላይ ነው፦ ቀላል ክብደት፣ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ከሰው የራቀ ቦታ፣ ኃይልን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያና ሥራው ማየት ብቻ የሆነ ሰው። የማሽን ደኅንነት መሠረታዊ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 12100 የሚያዘውም ቅደም ተከተል ይኸው ነው። መጀመሪያ አደጋው ከንድፉ እንዲወጣ አድርጉ፤ ያልወጣውን በመከለያና በመከላከያ መሣሪያ ያዙ፤ ማስጠንቀቂያና ሥልጠና በመጨረሻ ይመጣሉ። ብዙ ቡድን ግን ከታች ይጀምራል። «ተጠንቀቁ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ፕሮፔለሩ ግን መከለያ የለውም።

ሌላም ተግባራዊ ምክንያት አለ። የፕሮፔለር መከለያ የሞተሩን ግፊት ይቀንሳል። ኮንታክተር፣ ማለትም ትልቅ ኮረንት የሚቆርጠው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ቦታና ክብደት ይፈልጋል። ለሁለተኛ ሬዲዮ የሚሆን አንቴና መትከያ ያስፈልገዋል። እነዚህን በመጨረሻ ላይ ካስገባችኋቸው የለካችሁት ፍጥነት፣ የባትሪ ዕድሜና ሚዛን ሁሉ ከሥር ይለወጣል።

ጣና ላይ በተለይ ልንፈራቸው የሚገቡ አደጋዎች የትኞቹ ናቸው?

ከውጭ የተገኘ ዝርዝር ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ ሐይቁ የራሱ አደጋዎች አሉት።

አንደኛው ታንኳ ነው። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ከውኃው ወለል ብዙም ከፍ አይልም፤ ቀለሙ ከደረቀ ሣርና ከተንሳፋፊ እምቦጭ ጋር ይመሳሰላል፤ ብረት ስለሌለበት ለራዳርም በደንብ አይታይም። ቀዛፊው መረብ ለመሳብ ጎንበስ ካለ ደግሞ የሰው ቅርጹም ይጠፋል።

ሁለተኛው መረብ ነው። ምልክቱ አንዳንዴ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ነው። ፕሮፔለሩ መረብ ሲጠቀልል ሞተሩ ይቆምና የሚስበው ኮረንት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ፊውዙ በትክክል ካልተመረጠ ሽቦው ይቃጠላል። ጉዳቱ የጀልባው ብቻ አይደለም፤ የተቀደደው መረብ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው።

ሦስተኛው የአባይ መውጫ ነው። ኃይል ያጣ ጀልባ በነፋስና በወራጁ ተገፍቶ ወደ ጨረጨራ ግድብ አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። በዚያ አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ጀልባ ለማምጣት ብሎ ሰው ወደዚያ መላክ ከጀልባው መጥፋት የከፋ ነው። የመጀመሪያ ሙከራዎችን ከመውጫው ርቃችሁ አድርጉ።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፦ ጀልባውን ለማስገባትና ለማውጣት ዳር ላይ በእግር ውኃ ውስጥ የሚገባው ሰው። የጣና ዳርቻ የቢልሃርዝያ ስጋት ያለበት ነው። ቡትስ ልበሱ፣ ከጉልበት በታች ባለ ውኃ ብቻ ሥሩ፣ ቢቻል ከመርከብ ማቆሚያ ወይም ከጎማ ጋሪ ላይ አስገቡ። ወገብ ድረስ የሚደርስ የጎማ ሱሪ ግን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ሲሞላ ለመንቀሳቀስና ለመውጣት ስለሚያስቸግር አንመክረውም።

ከዚህ ሌላ ፕሮፔለር፣ ባትሪ፣ ማዕበልና መብረቅ አሉ፤ ከታች እንመለስባቸዋለን።

የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን እንዴት እንሥራው?

ከገጹ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

መሠረቱ አንድ ሐሳብ ነው፦ ጀልባው የሚቆመው «ቁም» የሚል መልእክት ሲደርሰው ሳይሆን «አለሁ» የሚለው ምልክት ሲቋረጥበት መሆን አለበት። «ቁም» የሚል መልእክት የሬዲዮው ባትሪ ካለቀ፣ አንቴናው ከተነቀለ ወይም ጀልባው ከርቀት ውጪ ከሆነ አይደርስም። እነዚህ ደግሞ ማቆሚያው በጣም የሚያስፈልግባቸው ጊዜያት ናቸው። ስለዚህ በሰው እጅ ያለው ማስተላለፊያ በሰከንድ 10 ጊዜ «አለሁ» ይላል፤ ተቀባዩ ለ0.5 ሰከንድ ካልሰማው ኃይሉን ይቆርጣል። አዝራሩ ሲጫን ምልክቱ ይቋረጣል፣ በቃ።

የኃይሉ መስመር እንዲህ ይሂድ፦ ከባትሪው፣ ወደ ፊውዝ፣ ወደ እጅ ማቋረጫ፣ ወደ መጀመሪያው ኮንታክተር፣ ወደ ሁለተኛው ኮንታክተር፣ ወደ ሞተሩ የፍጥነት መቆጣጠሪያ። ኮንታክተሮቹ መጠምጠሚያቸው ኮረንት ሲያገኝ ብቻ የሚዘጉ (ኃይል የሚያሳልፉ)፣ ሲያጣ የሚከፈቱ (ኃይል የሚቆርጡ) ይሁኑ። የመጠምጠሚያዎቹ ሽቦ በተራ በእነዚህ በኩል ያልፋል፦ በጀልባው ፊትና ኋላ ባሉት ሁለት ቀይ አዝራሮች፣ በሬዲዮ ተቀባዩ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ በዋችዶግ (ኮምፒውተሩ ሲደርቅ በሚቆርጥ) ሪሌይ። ከነዚህ አንዱ ከተቋረጠ ሞተሩ ኃይል ያጣል። ዋናው ኮምፒውተር ይህን ሰንሰለት መቁረጥ ይችላል፤ ሌሎቹ ክፍት ሆነው ብቻውን መዝጋት ግን አይችልም።

አዝራሩ ቀይ፣ መደቡ ቢጫ ይሁን። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያን በሚመለከተው አይኤስኦ 13850 መሠረት አዝራሩን መልሶ ማውጣት ብቻውን ማሽኑን ማስነሣት የለበትም። ለማስነሣት ሌላ፣ ታስቦበት የሚደረግ ድርጊት ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ አንዱ አዝራሩን ሲያወጣ ሌላው እጁ ፕሮፔለሩ ላይ ሊሆን ይችላል።

በተግባር የሚበላሹት እነዚህ ናቸው፦

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ትንሹ ሰማያዊ ሪሌይ 10 አምፔር ተብሎ ይሸጣል። የጀልባ ሞተር ሲነሣ ወይም ሲታነቅ 50 አምፔር ሊስብ ይችላል። የሪሌዩ መገናኛ ይቀልጥና ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ አዝራሩን ብትጫኑም ሞተሩ መዞሩን ይቀጥላል። ለተለዋጭ ኮረንት የተሠራ ኮንታክተርም ለባትሪ አይሆንም። የባትሪ ኮረንት ብልጭታ በራሱ ስለማይጠፋ በቀጥታ ኮረንት የተመዘነ ኮንታክተር ያስፈልጋል።

ሁለት ኮንታክተር በተከታታይ ማድረግ የሚጠቅመው እያንዳንዱን ለየብቻው ስትፈትኑት ብቻ ነው። አንዱ ተጣብቆ ቢቀር ሌላው ስለሚቆርጥ ማንም አያውቅም፤ ሁለተኛው የተጣበቀ ዕለት ግን ማቆሚያ የላችሁም። በየሙከራው ጠዋት አንዱን ብቻ ክፈቱና በሞተሩ በኩል ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለኩ፤ ቀጥሎ ሌላውን። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ለጥቂት ሰከንድ ቮልቴጅ ስለሚይዝ ከ5 ሰከንድ በኋላ አንብቡ። ይኸው ካፓሲተር ኮንታክተሩ ሲዘጋም ከፍተኛ ኮረንት በአንድ ጊዜ ይስባል፤ ቀስ ብሎ የሚሞላበት ተከላካይ በጎን ካላደረጋችሁ መገናኛውን የሚያጣብቀው ራሱ ነው።

የሪሞት ተቀባዮች ሌላ ወጥመድ አላቸው። ብዙዎቹ ምልክት ሲያጡ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘው እንዲቀጥሉ ሊሰናዱ ይችላሉ፤ አንዳንዱ ከፋብሪካ የሚመጣው እንደዚያ ሆኖ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ፕሮፔለሩን አውጡ፣ ሞተሩን በግማሽ ፍጥነት አዙሩ፣ ሪሞቱን አጥፉ። ሞተሩ ከቀጠለ ወደ ውኃ አይወጣም።

ኮምፒውተሩ፣ ጂፒኤሱና መቅረጫው ከሞተሩ ባትሪ ሳይሆን ከሌላ ትንሽ ባትሪ ይሂዱ። አለበለዚያ አዝራሩን በጫናችሁ ቁጥር የሆነውን የሚያስረዳው መረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ጀልባው ያለበትንም ቦታ አታውቁም። የሞባይል ኢንተርኔት ለመከታተል ይረዳል፤ ለማቆሚያ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

አዝራሩን ከተጫንን በኋላ ምን ያህል ርቀት ይሄዳል?

ጀልባ ፍሬን የለውም፤ ስለዚህ ይለካል እንጂ አይገመትም። በ1.5 ሜትር በሰከንድ የሚሄድ ጀልባ ምልክቱ መቋረጡን እስኪያውቅ 0.5 ሰከንድ፣ ኮንታክተሩ እስኪከፈት 0.1 ሰከንድ ቢወስድበት 0.9 ሜትር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በራሱ ጉልበት የሚንሸራተተው የክብደቱ፣ የቅርጹና የነፋሱ ጉዳይ ነው። ከሁለት ምሰሶ ትይዩ ምልክት አድርጉና ነፋስ ከኋላው ሆኖ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ 10 ጊዜ ለኩ። አማካዩን አትውሰዱ፤ ትልቁን ውሰዱ። ትልቁ 9 ሜትር ከሆነ፣ እጥፉ 18 ነውና ማንም ከ20 ሜትር በታች እንዳይቀርብ አድርጉ።

ለየብስ ሮቦት ቀመሩ ቀጥተኛ ነው፦ ፍጥነት በምላሽ ጊዜ ተባዝቶ፣ ሲደመር የፍጥነት ካሬ ለፍሬኑ የማዘግየት አቅም እጥፍ ተካፍሎ። በ1.5 ሜትር በሰከንድ፣ 0.4 ሰከንድ ምላሽና 1 ሜትር በሰከንድ ካሬ ማዘግየት ሲኖር 0.6 ሲደመር 1.1፣ ማለት 1.7 ሜትር ያህል ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሁለተኛው ክፍል አራት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነትን በሶፍትዌር ብቻ ሳይሆን በትንሽ ሞተር ወይም በዝቅተኛ ቮልቴጅ መገደብ የሚሻለው ለዚህ ነው። መብረር የማይችል ሞተር በስሕተት አይበርም።

ሲቆም ጉዳዩ አያበቃም፤ ይንሳፈፋል። ከሙከራው በፊት ግማሽ ድረስ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ጣሉና በ10 ደቂቃ የት እንደሚደርስ ተመልከቱ። በሰከንድ 0.3 ሜትር የሚወሰድ ነገር በ10 ደቂቃ 180 ሜትር ይርቃል። ጀሪካኑ ወደ መረብ ወይም ወደ መውጫው ከሄደ ቦታ ቀይሩ።

ካሜራው ሰውና ጀልባ ይለያል። ይህ ማቆሚያውን አይተካም?

አይተካም። በነፃ የሚገኙ ብዙ የምስል መለያ ሞዴሎች «ጀልባ» የሚል መደብ አላቸው፤ የተማሩት ግን በአብዛኛው በሌላ አገር ጀልባ ነው። ጣና ላይ ያለ የደንገል ታንኳ ለእነሱ እንጨት ወይም ሣር ሊሆን ይችላል። ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ውኃው ሲያብረቀርቅ ካሜራው ይታወራል። ላይዳር (በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለካ መሣሪያ) ደግሞ ጨረሩ ከለሰለሰ ውኃ ላይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚነጥር የውኃውን ወለል ብዙም አያየውም፤ ከፍ ብሎ ከተተከለም ጨረሮቹ ከታንኳው በላይ ያልፋሉ።

ከዚህ የሚጠልቅ ትምህርት እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 አሪዞና ውስጥ ቴምፔ ከተማ ላይ ከደረሰው አደጋ ይገኛል። በሙከራ ላይ የነበረ የኡበር ራስ ነጂ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ እንዳሳየው ሥርዓቱ ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አግኝቷት ነበር። ነገር ግን አንዴ መኪና፣ አንዴ ብስክሌት፣ አንዴ ያልታወቀ ነገር እያለ ይቀያይር ነበር፤ ስያሜው በተቀየረ ቁጥርም ወዴት እየሄደች እንደነበር ያለውን ታሪክ ይጥለዋል። የመኪናው የራሱ የአደጋ ፍሬን በሙከራው ጊዜ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። ለመከታተል የተቀመጠችው ሠራተኛ ደግሞ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር።

ለእናንተ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ፊት ለፊት ያለው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ሳያስፈልግ «የሆነ ነገር አለ» ሲባል መቆም። ስሙ በኋላ ይደረስበታል። የሐሰት ማንቂያ ሲበዛ መለያውን ማጥፋት ቀላል ይመስላል፤ በዚህ ደረጃ ግን ፍጥነቱን መቀነስ ይሻላል።

ካሜራው የሚያይበትንም ርቀት በሰው ዓይን ከምታዩት ጋር አታመሳስሉት። ሞተር ጀልባ በ5 ሜትር በሰከንድ ወደ እናንተ ቢመጣና የእናንተው በ1.5 ቢሄድ በ10 ሰከንድ 65 ሜትር ይቀራረባሉ። ተመልካቹ ሞተር ጀልባ 200 ሜትር ሲቀረው ማቆም ያለበት ለዚህ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው ያለው።

የጂፒኤስ አጥር፣ ማለትም ጀልባው እንዳያልፈው በካርታ ላይ የተሰመረ ወሰን፣ አድርገናል። ከዚያ አይወጣም፤ አይደል?

አጥሩ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይታመንም። በብዛት የሚታየው ስሕተት ኬክሮስና ኬንትሮስን ማገላበጥ ነው። ባሕር ዳር በ11.6 ዲግሪ ሰሜንና በ37.4 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ናት። ሁለቱ ከተገላበጡ አጥራችሁ በቱኒዚያና በሲሲሊ መካከል ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያርፋል። ጀልባው ሁልጊዜ «ከአጥር ውጪ ነኝ» ስለሚል አይነሣም። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ክፉ ነገር ምክንያቱን ሳይፈልጉ አጥሩን ማጥፋት ነው።

የእኛ አካባቢ ለምድር መግነጢስ ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው ከባቢ አየር የሚፈጠር ሁከት የጂፒኤስን ምልክት ያናውጣል፤ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ባሉት ወራት፣ የፀሐይ እንቅስቃሴ ሲበረታ ይብሳል። በምሽት በጂፒኤስ ብቻ አትሞክሩ። ኮምፓሱን ደግሞ ከሞተር ሽቦዎች አርቃችሁ በእንጨት ላይ ከፍ አድርጉት፤ ከዚያም ሞተሩን ከባዶ እስከ ሙሉ እያዞራችሁ አቅጣጫው ከ5 ዲግሪ በላይ ከተዛነፈ ቦታውን ቀይሩ።

በምን ቅደም ተከተል እንሞክር? ወደሚቀጥለው ደረጃስ መቼ እንለፍ?

መጀመሪያ ሲሙሌሽን፤ ከዚያ ፕሮፔለር ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ። ቀጥሎ ውኃ ላይ በገመድ ታስሮ፤ ገመዱ የሚንሳፈፍ ፖሊፕሮፒሊን ይሁን፣ ናይለን ይሰምጥና ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። 20 ሜትር ይበቃል። ከዚያ በሪሞት ብቻ። በመጨረሻ 50 በ50 ሜትር በሆነ አጥር ውስጥ ራሱን ይንዳ።

«አንዴ ሠርቷል» ማለት ማለፊያ አይደለም። ማቆሚያውን 20 ጊዜ ሞክራችሁ 20 ጊዜም ቢሠራ፣ በ95 በመቶ መተማመን ማለት የምትችሉት «ከ7 ጊዜ አንዴ ያህል ወይም ከዚያ ባነሰ ይከሽፋል» ብቻ ነው። ከመቶ አንዴ በታች ለማለት 300 ያህል ተከታታይ ስኬት ያስፈልጋል። ቀመሩ ቀላል ነው፦ 3ን ሳይከሽፉ ለሄዱት ሙከራዎች ቁጥር አካፍሉ። ማቆሚያውን ጠረጴዛ ላይ በትንሽ ፕሮግራም እያበሩና እያጠፉ 300 ጊዜ መሞከር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ራስን የመንዳት ሶፍትዌሩን ግን በዚህ መንገድ ማረጋገጥ በወራት አይቻልም። መከላከያው በቀላሉና በብዛት ሊፈተን በሚችለው ሃርድዌር ላይ ይቁም የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው።

አንድ ጥብቅ ሕግ፦ ሐይቁ ዳር ኮድ አይነካም። ከተነካ፣ አንድ ቁጥር ብቻም ቢሆን፣ ወደ ጠረጴዛው ሙከራ ይመለሳል።

ባትሪውና ሳጥኑስ?

ፊውዙ ከባትሪው በ20 ሴንቲሜትር ውስጥ ይሁን፤ መጠኑም ሞተሩን ሳይሆን ሽቦውን የሚያድን ይሁን። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አይሞላ። ሊትየም ከሆነ ከ45 ዲግሪ በላይ አይሞላ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ሳጥን ከዚያ በቀላሉ ያልፋል። ነጭ ቀቡት። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ወለሉ 15 በመቶ ያህል ስስ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን ሁሉ እንዲሸከም አትጠብቁ።

ሳጥን ውስጥ ውኃ የሚገባው ብዙ ጊዜ በቀዳዳ ስለተረጨ አይደለም። ፀሐይ ላይ የሞቀ ሳጥን ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በሽቦ መግቢያው በኩል ውኃ ይስባል። ጀልባውን ከማስገባታችሁ በፊት በጥላ አቆዩት፤ አየር የሚያሳልፍ ውኃ የማያሳልፍ መተንፈሻም ግጠሙ።

መንሳፈፊያውን በሂሳብ አረጋግጡ። 200 ሚሊሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎች በድምሩ 94 ሊትር ይይዛሉ፤ 40 ኪሎ የሚመዝን ጀልባ ከግማሽ በታች ይጠልቃል ማለት ነው። ከክብደቱ እጥፍ በታች አትውረዱ። ቱቦዎቹን በፎም ሙሏቸው፤ ቢሰነጠቁም አይሰምጡም።

በሙከራው ቀን ማን ምን ይሥራ?

ቢያንስ አራት ሰው። ማቆሚያውን የያዘው ሌላ ሥራ የለውም፤ ላፕቶፕ አያይም፣ ፎቶ አያነሣም፣ ስልክ አያነሣም፤ በየ20 ደቂቃው ይቀየራል። ሁለተኛው ላፕቶፑን ይይዛል። ሦስተኛው ሐይቁን ብቻ ያያል። አራተኛው ከባለሙያ ቀዛፊ ጋር በአጃቢ ጀልባ ላይ ነው። ሁሉም የሕይወት አድን ጃኬት ይለብሳሉ፤ ዋና የሚችሉትም ጭምር።

ማቆም ያዘዘ ሰው ምክንያት አይጠየቅም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መምህሩን ማስቆም ካልቻለ አዝራሩ ለጌጥ ነው።

በየትኛው ሰዓትና ወቅት?

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ይበረታል። የማዕበሉ ጫፍ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ነፋሱ 4 ሜትር በሰከንድ ገደማ ደርሷልና አውጡት። በክረምት መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተሰማ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ሁሉም ከውኃው ይውጣ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቅ። በጾም ወራት የዓሣ ገበያ ስለሚደራ መረብ ይበዛል። በጥምቀት ሰሞንና ሰው ወደ ገዳማቱ በብዛት በሚሻገርባቸው ክብረ በዓላት አትሞክሩ።

ፈቃድና የአካባቢውን ሰው በተመለከተ?

የሐይቁን ትራንስፖርት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤትና የምትጠቀሙበትን ዳርቻ ቀበሌ በጽሑፍ አሳውቁ። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው፤ የወፎች መራቢያና የገዳማት ዳርቻ የሙከራ ቦታ አይሆኑም። ከሁሉ በፊት ግን ዓሣ አጥማጆቹን ሄዳችሁ አናግሩ። መረብ የት እንደተጣለ፣ ነፋሱ በየትኛው ሰዓት እንደሚዞር፣ ጉማሬ በየት እንደሚወጣ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አዝራሩን አሳዩአቸው፤ ጀልባው ቢቀርባቸው የት እንደሚጫኑ ይወቁ። የተቀደደ መረብ በዚያው ቀን እንደሚከፈልም ንገሯቸው፣ ክፈሉም።

ምን ያህል ወረቀት ያስፈልጋል?

ጥቂት፤ ግን እውነተኛ። አንድ የአደጋ መዝገብ ይበቃል፦ ምን ሊሆን ይችላል፣ ማን ይጎዳል፣ ምን ይከላከለዋል፣ መከላከያው መሥራቱ በምን ተረጋገጠ፣ መቼ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ባዶ ከሆኑ መከላከያው የለም ማለት ነው። አደጋዎችን ለመፈለግ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናንሲ ሌቭሰን የተዘጋጀው ኤስቲፒኤ (STPA) የተባለ ዘዴ ለራስ ነጂ ማሽን ይስማማል፤ ምክንያቱም «የትኛው ዕቃ ይሰበራል» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የትኛው ትእዛዝ በተሳሳተ ጊዜ ይሰጣል፣ ወይም ሳይሰጥ ይቀራል» ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም ዕቃ እየሠራም አደጋ ይደርሳልና። ወደ ምርት የሚያስብ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን፣ የራስ ነጂ ማሽኖችን ደኅንነት የሚመለከተውን ደረጃ ዩኤል 4600 ቢያነብ ይጠቅመዋል፤ ለሙከራ ጀልባ ግን ሙሉውን መከተል አይጠበቅበትም።

ጀልባው ከቁጥጥር ቢወጣ ወይም አንድ ነገር ቢገጭስ?

ማቆሚያውን ተጫኑ። አልቆመም ብላችሁ አትሩጡ፤ ማስተላለፊያውን ራሱን አጥፉ። ማንም ዘልሎ አይገባም። አጃቢው ጀልባ ከኋላ በኩል ይቅረብ፤ ረጅም ዘንግ ያለው ሰው በመጀመሪያ የኋላውን ቀይ አዝራር በዘንጉ ይጫን፣ ፕሮፔለሩ መቆሙን ዓይቶ ይያዝ። ከዚያ በኋላ የእጅ ማቋረጫው ይዞር። ባትሪው ካበጠ፣ ከጨሰ ወይም ከወትሮው በላይ ከሞቀ ሰው ወዳለበት ጀልባ ላይ አይጫን፤ በገመድ እየተጎተተ ወደ ባዶ ዳርቻ ይምጣ።

ዳር ከደረሰ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አታስነሡት። መጀመሪያ መዝገቡ ይቀዳ፤ የሽቦዎቹና የአዝራሮቹ አቀማመጥ ሳይነካ ፎቶ ይነሣ፤ እያንዳንዱ ሰው ከሌላው ጋር ከመነጋገሩ በፊት ያየውን በሰዓት ይጻፍ። ማንም ሳይጎዳ ለጥቂት የተረፈበትም ጊዜ እንዲሁ ይመዝገብ። ምክንያቱ ተገኝቶ በጠረጴዛ ላይ ደግሞ እስኪታይ ድረስ ጀልባው ውኃ አይነካም፤ «እንደገና ስናበራው ተስተካከለ» የሚለው ደግሞ ምክንያት አይደለም።